ነፋሱን ሳትጠይቁ ቲኬት አትቁረጡ፦ ስለ ሲሼልስ ለጻፋችሁልን

ሰሞኑን ከሚደርሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ስላለችው የደሴቶች አገር፣ ስለ ሲሼልስ ናቸው። ምክንያቱ ይገባናል። ሲሼልስ ለየትኛውም አገር ዜጋ ቪዛ አትጠይቅም፣ ከቦሌም ቀጥታ በረራ አለ፣ መንገዱም 4 ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ፣ ኤምባሲ በር ላይ ሳይሰለፉ የሚገባበት እንዲህ ያለ ባህር ብዙ የለም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለሲሼልስ ብቻ ሰጥተነዋል። አብዛኛው መልስ ከሁለት ነገር አይወጣም፦ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስና ጀልባው ስንት ሰዓት እንደሚነሳ። የቀረው ዝርዝር ነው።

በጥር ሠርጌ ነው። ለጫጉላ 7 ሌሊት ሲሼልስ እንሂድ ተባብለናል። እጮኛዬ ማሄን፣ ፕራስሊንን፣ ላ ዲግን፣ ኩሪዩዝንና ሲሉዌትን ሁሉንም እንይ ይላል። እኔ ደግሞ መተኛት ነው የምፈልገው። ማን ነው ልክ?
*ሙሽሪት፣ ከአዲስ አበባ*

በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያላችሁ! ልክ አንቺ ነሽ፤ ግን ሁለታችሁም ያላያችሁት ነገር አለ። ጥር።

እኛ አገር ጥር የደረቀ ሰማይ ነው፤ ለዚህም ነው ድንኳን የምንተክልበት። እዚያ ደግሞ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ ከዓመቱ ዝናብ የሚበዛበት ወር ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፣ ሙቀትና ወበቅ ይዞ። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ወርዶ ወርዶ ያባራል፤ አንዳንዴ ግን ሁለት ሦስት ቀን ተከታትሎ ይጥላል። ክፉ ዕድል ከሆነ ከሰባቱ ቀን ግማሹን በረንዳ ላይ ቁጭ ብላችሁ ታሳልፋላችሁ። ለአዲስ ሙሽራ ይኼም አይከፋም የሚል አይጠፋም፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

እኔን ብትሰሙኝ ሠርጉ በጥር ይሁን፣ ጫጉላው ከፋሲካ በኋላ። ኤፕሪል ላይ አንዱ ነፋስ ሄዶ ሌላው ገና አልመጣም፤ ባህሩ ይተኛል፣ ውሃው ይጠራል። ኦክቶበርና የኖቬምበር መጀመሪያም እንዲሁ ነው። ዘመድ «ከሠርጉ ማግስት ካልሄዳችሁ ጫጉላ አይባልም» ካለ፣ ዘመድ ቲኬቱን ይግዛ።

አሁን ወደ ባልሽ ዝርዝር። ሲሼልስ 115 ደሴት አላት፤ የጀመረውን ቆጠራ አይጨርሰውም። ከደሴት ደሴት መዘዋወር በካርታ ላይ ደቂቃ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን እያንዳንዱ ዝውውር ግማሽ ቀን ይበላል። ክፍሉን ጠዋት 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ትለቃላችሁ፣ ሻንጣ ይዛችሁ ወደቡ ላይ ትጠብቃላችሁ፣ ትሻገራላችሁ፣ አዲሱ ክፍል ደግሞ እስከ ከቀኑ 8 ሰዓት አይሰጣችሁም። በ7 ሌሊት አምስት ደሴት ማለት ጫጉላን ወደብ ላይ ማሳለፍ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ከመጨረሻው ቀን ጀምራችሁ ወደ ኋላ አስሉ። አውሮፕላኑ የሚነሳው ከዋናዋ ደሴት ከማሄ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሌሊቶች ማሄ ላይ ይሁኑ። ጀልባ በማዕበል ምክንያት ሊዘገይ ወይም ሊሰረዝ ይችላል፣ አውሮፕላኑ ግን አይጠብቃችሁም። በበረራ ቀን ጠዋት ከሌላ ደሴት ተነስቶ ለመድረስ የሚሞክር ሰው ቁማር እየተጫወተ ነው። ከዚያ ሩቁን አስቀድሙ። ማሄ እንደደረሳችሁ፣ ሰዓቱ ከገጠመ፣ በዚያው ቀን በፈጣኑ ጀልባ ወደ ፕራስሊን፤ 1 ሰዓት ያህል ነው። ከፕራስሊን ላ ዲግ ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ። ላ ዲግ ላይ ሦስት ሌሊት እደሩ፤ የምትፈልጊው እንቅልፍ ያለው እዚያ ነው። መኪናው ጥቂት ነው፣ ሰው ሁሉ በብስክሌት ነው የሚሄደው። ከዚያ ፕራስሊን ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ ማሄ።

ኩሪዩዝን ባልሽ አያጣትም። ከፕራስሊን የአንድ ቀን የጀልባ ጉዞ ነው፤ ግዙፎቹ ኤሊዎች እንደ ልባቸው የሚዞሩባት ደሴት ናት፤ ብዙ ጊዜ ሴንት ፒየር የምትባለውን ትንሽ ደሴት ጨምረው ነው የሚወስዷችሁ፣ እዚያ የዋና መነጽር አድርጋችሁ ዓሣ ታያላችሁ። ሲሉዌትን ለአሥረኛ ዓመታችሁ አስቀምጡት።

እኔ ዱባይ ነው የምሠራው፣ እህቴ አዲስ አበባ ናት። አራት ዓመት አልተያየንም። መሃል ላይ ሲሼልስ እንገናኝ ብለናል። ቪዛ የለም ማለት በቃ ፓስፖርት ይዞ መሄድ ነው?
*ታላቅ እህት፣ ከዱባይ*

አይደለም፣ እህቴ። ቪዛ የለም ማለት ወረቀት የለም ማለት አይደለም።

ሁለታችሁም ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ መሙላት አለባችሁ። ያለዚያ ፈቃድ አየር መንገዱ ራሱ አያሳፍራችሁም። የሚጠየቁት ፓስፖርት፣ የመመለሻ ቲኬት፣ የምታርፉበት ቦታ ማረጋገጫና ለቆይታ የሚበቃ ገንዘብ ነው። ክፍያም አለው። የመንግሥቱን ትክክለኛ ድረ ገጽ መያዛችሁን አረጋግጡ፤ መልካቸው የሚመሳሰል፣ ፎርሙን እንሙላልሽ እያሉ እጥፍ የሚያስከፍሉ ገጾች ሞልተዋል። ማረፊያውን በተመለከተ «ጓደኛ ቤት ነው» የሚለው መልስ ጣጣ አለው፤ ፈቃድ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ያዙ፣ ለሁሉም ሌሊት። የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻ ይዞ «ሌላውን እዚያ እናያለን» ማለት ለዚህ አገር አይሠራም።

እህትሽን ግን አንድ ነገር ዛሬውኑ ንገሪያት፦ የቢጫ ወባ ክትባት። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ከዚያ የሚመጣ ሰው የክትባት ካርዱን ያሳያል። ካርዱ የሚሠራው መርፌው ከተወጋ 10 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ አይጠቅምም። ከዚህ በፊት ተከትባ ካርዱ ካላት ግን መድገም የለባትም፣ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። አንቺ ከዱባይ በቀጥታ ከሄድሽ ይኼ አይመለከትሽም። በቅርብ ቀናት ኢትዮጵያ ደርሰሽ ከሆነ ግን አንቺም ካርድ ያዢ።

ሌላው የአንቺ ጉዳይ መኖሪያ ፈቃድሽ ነው። ስትመለሺ በቂ ጊዜ የቀረው መሆኑን እዪ፤ ዕረፍትሽንም ከአሠሪሽ በጽሑፍ ያዢ። የበረራ ሰዓታችሁ ባይገጥምም አትጨነቁ፤ ቀድማ የደረሰችው ቪክቶሪያ ከተማ ውስጥ ትጠብቅ፣ ከአየር ማረፊያው ሩቅ አይደለም። ደግሞ የስልክ ቻርጀርሽን መሰኪያ አትርሺ። የሲሼልስ ሶኬት እንደ ዱባይ ሦስት ጠፍጣፋ እግር የሚቀበለው ነው፤ እህትሽ ይዛ የምትመጣው ባለ ሁለት ክብ እግር አይገባም።

ቪዛ ካልጠየቁ ሄጄ ሥራ ብፈልግስ? አንድ ደላላ ሆቴል ቤት አስገባሃለሁ ብሎኛል።
*ሥራ ፈላጊ፣ ከደሴ*

ተወው ወንድሜ። በጎብኚነት የገባ ሰው እዚያ መሥራት አይችልም። የሥራ ፈቃድ የሚጠይቀው ቀጣሪው ነው፣ የሚያልቀውም አንተ ከመሄድህ በፊት ነው። «መጀመሪያ ግባ፣ ወረቀቱ ይደርሳል» የሚል ሰው የሚፈልገው ያንተን ገንዘብ ነው። አገሩ ትንሽ ነው፣ ሕዝቡ ጥቂት ነው፣ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ቶሎ ይታያል፤ ተይዘህ በራስህ ወጪ ትመለሳለህ።

ከባለቤቴ ጋር በነሐሴ ለመሄድ አስበን ነበር። እኔ ግን መኪና ላይ እንኳ ያቅለሸልሸኛል፣ ጣና ላይ በጀልባ ሄጄ ወደ ላይ ብያለሁ። ጀልባው ላይ ምን ይውጠኛል?
*ሆዱ የማይችል፣ ከባሕር ዳር*

ነሐሴ ለአንተ ዓይነቱ ሰው ከወራት ሁሉ የከፋው ነው፣ አላባብልህም። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። አየሩ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ባህሩ ግን ይናወጣል፣ በተለይ ጁላይና ኦገስት። ከማሄ ፕራስሊን የሚወስደው ጀልባ ክፍት ባህር አቋርጦ ነው የሚሄደው። ጣና ላይ ያየኸውን ነገር እዚህ እጥፍ አድርገህ አስበው።

መፍትሔ ግን አለ። አንደኛው ጀልባውን መተው ነው። ከማሄ ፕራስሊን በትንሽ አውሮፕላን 15 ወይም 20 ደቂቃ ነው። ከጀልባው ይወደዳል፤ የሚፈቀደው ሻንጣም ከትልቁ በረራ ሊያንስ ይችላልና ቲኬቱ ላይ ያለውን ኪሎ እየው። ከፕራስሊን ላ ዲግ ግን አውሮፕላን የለም። 15 ደቂቃዋን ትችላታለህ።

ሁለተኛው በጀልባ መሄድ ካለብህ ነው። ፋርማሲ ገብተህ የጉዞ ማቅለሽለሽ መድኃኒት ጠይቅ፤ አንዳንዱ እንቅልፍ ያስይዛል፣ ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም ንገራቸው። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው፦ ከመነሳትህ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀድመህ ነው የሚዋጠው። ካመመህ በኋላ የዋጥከው ተመልሶ ይወጣል። ባዶ ሆድህን አትሳፈር፣ ጠግበህም አትሳፈር፤ ደረቅ ዳቦና ዝንጅብል ሻይ ይበቃሃል። ከጀልባው መሃል ወይም ከኋላ፣ ከታችኛው ፎቅ ተቀመጥ፤ የፊቱ ክፍል ነው ይበልጥ የሚዘለው። ስልክህን ኪስህ ውስጥ ክተት። ዓይንህን ሰማይና ባህር የሚገናኙበት መስመር ላይ አድርግ። ሠራተኞቹ ገና ሳይነሱ የወረቀት ከረጢት ሲያድሉ ብታይ አትደንግጥ፤ የለመዱት ነው።

ቀኑን መቀየር ከቻልክ ግን ቀይረው። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ሂድ። ያው ጀልባ፣ ያው መንገድ፣ ሌላ ባህር።

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። በበጋ ኢትዮጵያ እንመጣለን፣ ከዚያ እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ለ6 ቀን ሲሼልስ መድረስ እፈልጋለሁ። እናቴ 71 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደሴት ለደሴት መዞር ለእሳቸው ይሆናል?
*የእናቷ ልጅ፣ ከሜሪላንድ*

እናትሽን ይዘሽ መሄድሽ ደስ ይላል፤ ግን ዕቅዱ በእሳቸው ጉልበት ልክ ይሰፋ፣ በልጆቹ አይደለም።

እኔ ብሆን ማሄ ላይ አንድ ማረፊያ ይዤ ሻንጣውን አንዴ እፈታዋለሁ። አንድ ቀን ወይም ሁለት ሌሊት ፕራስሊን፣ በቃ። ማሄ ላይ ለእሳቸው የሚሆን ብዙ አለ። ቪክቶሪያ ውስጥ ያለው የዕፅዋት መናፈሻ ጥላ አለው፣ መቀመጫ አለው፣ ግዙፎቹን ኤሊዎችም እዚያው ያዩአቸዋል፣ ተራራ መውጣት አያስፈልግም። ልጆቹ ቅጠል ሲያበሉ እሳቸው ቁጭ ብለው ይስቃሉ። የከተማው ገበያም ቅርብ ነው፤ ዓሣው፣ ቃሪያው፣ ቫኒላው፣ ቀረፋው። ቅዳሜ ጠዋት ይደምቃል። እናቶቻችን ገበያ ሲገቡ ጉልበታቸውን እንደሚረሱት ታውቂያለሽ። ቦ ቫሎን የሚባለው የባህር ዳርቻ ደግሞ መንገዱ እስከ አሸዋው ስለሚደርስ ብዙ አያስኬድም፤ ረቡዕ ማታ ማታ የምግብና የዕደ ጥበብ ገበያ ይቆምበታል።

ፕራስሊን ላይ ሁሉም ሰው የሚሄድበት ቫሌ ደ ሜ የሚባል ጫካ አለ፣ ከ1983 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ። እውነት ነው ድንቅ ነው፤ ዘንባባው ሰማዩን ይጋርዳል፣ ነፋስ ሲነካው ቅጠሉ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። መንገዱ ግን ደረጃና ሥር የበዛበት፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚያንሸራትት ነው። እናትሽ አጭሩን ዙር በዱላ ተደግፈው ይሞክሩ፣ ወይም መግቢያው ላይ ካለው ማረፊያ ይጠብቋችሁ። ላ ዲግን ለእሳቸው አልመክርም። ብስክሌት የማይነዳ ሰው እዚያ ባጃጅ መሰል የኤሌክትሪክ መኪና መለመን ይሆንበታል።

አንድ የምትዘነጊው ነገር፦ ፓስፖርታችሁ የአሜሪካ ቢሆንም የምትነሱት ከአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ የቢጫ ወባ ካርዱ ለልጆቹም ይጠየቃል። እናትሽን ደግሞ ከመከተባቸው በፊት ሐኪማቸውን አማክሪ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎች ይህን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

«በበጋ» ያልሽው የአሜሪካውን በጋ ከሆነ ደግሞ ለባሕር ዳሩ ሰው የጻፍኩትን አንብቢ። ለጀልባዋ ብለሽ ሳይሆን ለዳርቻው። የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሲነፍስ ፊቱን ወደዚያ ያዞረው ዳርቻ ሁሉ ይናወጣል፣ ባህሩ ሣሩን ያወጣበታል። ያኔ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚያየውን ትመርጫለሽ፤ ማሄ ላይ ቦ ቫሎን፣ ፕራስሊን ላይ አንስ ላዚዮ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ይገለበጣል፣ ቦ ቫሎን ሞገድ ይመታዋል። ማረፊያ ስትይዢ የክፍሉን ፎቶ ብቻ ሳይሆን ቤቱ በደሴቱ የትኛው ጎን እንዳለ እዪ። ሰዎች ፎቶው ላይ ያዩትን ሰማያዊ ውሃ ሄደው ሲያጡት ሆቴሉን ይረግማሉ። ሆቴሉ ምን ያድርግ?

እኛ አራት ጓደኛሞች ነን፣ ዋና የሚችል አንድም የለም። ባህር ዳርቻ ሄደን ዝም ብለን ልናይ ነው?
*ደረቅ መሬት፣ ከአዳማ*

አይደለም፤ ግን የት እንደምትገቡ እወቁ።

ላ ዲግ ላይ አንስ ሱርስ ዳርዣን የሚባል ዳርቻ አለ፤ እነዚያ ግራጫ ትልልቅ ድንጋዮች ያሉበት፣ ፖስትካርድ ላይ የምታዩት እሱ ነው። ባህሩን ከርቀት ኮራል የሚባለው ድንጋይ መሰል የባህር ፍጥረት ስለሚያጥረው ሞገዱ እዚያ ይሰበራል፤ ውስጡ ጥልቀት የለውም፣ ውሃው ሲሸሽ ጉልበት ላይ ነው የሚደርሰው። የሚገባው ዩኒየን እስቴት በሚባለው የድሮ እርሻ በኩል ነው፣ መግቢያ ይከፈላል። ጫማ አድርጋችሁ ግቡ፣ ኮራሉ እግር ይቆርጣል። ውሃው ሞልቶ ሲመለስ አሸዋውን ይሸፍነዋልና ዕቃችሁን ከፍ አድርጉ።

አሁን ደግሞ ባትገቡበት የምመርጠው፦ በዚያችው ደሴት በሌላው ጎን ግራንድ አንስ፣ ፔቲት አንስና አንስ ኮኮ አሉ። ሰፊ፣ ነጭ፣ ባዶ። ፎቶ ለማንሳት ከዚህ የተሻለ የለም። ኮራል ስለሌለበት ግን ውቅያኖሱ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ይመጣል፣ ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረትም አለ። የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ተተክሏል። ለዋናተኛም አደጋ ነው፣ ለእናንተ ደግሞ ጉልበት የሚደርስ ውሃም ብዙ ነው። እርጥቡ አሸዋ ላይ ቁሙ፣ ከዚያ አትለፉ። «አንዴ ብቻ ልንከር» የሚል ጓደኛ ካላችሁ እሱን እጁን ያዙት።

የጀልባ ጉብኝት ላይ ላይፍ ጃኬት ሳይሰጧችሁ አትነሱ፤ ሲሰጧችሁም ቆልፉት፣ ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ አይደለም። ጃኬቱን ለብሶ፣ መነጽር አድርጎ፣ ከመሪው ጋር ተንሳፍፎ ዓሣ ማየት ዋና ለማይችልም ይሆናል። ጀርባችሁ ግን ፀሐይ ላይ ነው። ከምድር ወገብ በ4 ዲግሪ ርቀት ላይ ናችሁ፣ «ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» የሚባለው ወሬ ነው። ቲሸርት ለብሳችሁ ግቡ።

የፍልሰታን ጾም ሳልፈታ ከልጆቼ ጋር እንድሄድ አስገድደውኛል። ምን በልቼ ልኑር?
*ጡረተኛው፣ ከጎንደር*

አባቴ፣ እርስዎ ከሁሉ ያነሰ ችግር ያለብዎት ሰው ነዎት። የሲሼልስ ሰው የዘወትር ምግብ ሩዝ ነው፤ ከሩዙ ጋር ምስር ወጥ ይቀርባል፣ ከአረንጓዴ ፓፓያ ወይም ከማንጎ የተሠራ ሰላጣ መሰል ማባያም አለ። በርበሬያቸው ያቃጥላል። ብሬድፍሩት የሚሉት የዛፍ ፍሬ ደግሞ ተቀቅሎም ተጠብሶም ይበላል፤ ቀምሰው ድንች ነው ይሉታል። ልጆችዎ ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ ይያዙልዎ። በሆቴል ቁርስ እንቁላልና ቅቤ እያዩ ከመቀመጥ ራስዎ በሰዓትዎ ቢሠሩ ይሻላል። የሚጠነቀቁት ከኮኮናት ወተት አይደለም፣ እሱ ጾም ነው፤ ምስሩ በቅቤ ተቁላልቶ እንደሆነ ግን ይጠይቁ። እሁድ ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ ቅዳሜ ይሸምቱ።

ሽሮና በርበሬ ይዤ ልሂድ ካሉ፣ ደሴቶቹ ከውጭ በሚገባ የምግብና የእርሻ ውጤት ላይ ጥብቅ ናቸው። የታሸገና ስሙ የተጻፈበት ይሁን፣ ሲደርሱም አለኝ ብለው ያሳዩ። ዘርና ትኩስ ፍራፍሬ አይሞክሩ።

ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትዎ ትቻለሁ። እዚያ ፈተናው ብርቱ መሆኑን ብቻ ልንገርዎ፤ ከሰዓት በኋላ ዓሣ አጥማጅ ሲመለስ ቀይ ዓሣ በከሰል ይጠበሳል።

ሰው ሁሉ ሲሼልስ የሚሊየነር ነው ይላል። በመጠነኛ ገንዘብ አይቻልም?
*ኪሱ የሳሳ፣ ከሐዋሳ*

ርካሽ ነው ብዬ አልዋሽህም። ደሴት ላይ ሁሉም ነገር በመርከብ ነው የሚመጣው። ግን ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው በሦስት ነገር ነው፦ ታክሲ፣ ሬስቶራንትና ከደሴት ደሴት መዝለል።

ማሄና ፕራስሊን ላይ የከተማ አውቶቡስ አለ፤ ዋጋው ከታክሲው ጋር አይወዳደርም። ትልቅ ሻንጣ ግን አይቀበሉም፤ ስለዚህ ከአየር ማረፊያው በታክሲ ወይም ማረፊያው በሚልከው መኪና ሂድ፣ ዋጋውን ሳትገባ ተስማማ፣ ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ነው። ማታ ቶሎ ያልቃል። ምግብ ላይ ቴክ አዌይ የሚባሉትን ትናንሽ ቤቶች ፈልግ። ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ተሰልፎ ታገኘዋለህ፤ ሩዝ፣ ዓሣ፣ ምስር በዕቃ ጭነው ይሰጡሃል፣ አንዱ ለሁለት ይበቃል።

ጀልባው ላይ ለነዋሪ አንድ ዋጋ፣ ለእንግዳ ሌላ ዋጋ ነው፤ አትከራከር፣ ሕጋቸው ነው። ለዚህም ነው ሁለት ደሴት በቂ ነው የምለው። ማረፊያ ላይ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ የተጨመረ የአካባቢ ጥበቃ ክፍያ አለ፤ በሰው በሌሊት ነው፣ ትንሽ ማረፊያ 25 የሲሼልስ ሩፒ፣ መካከለኛ 75፣ ትልቅ ሆቴል 100። ቡኪንግ ስታደርግ ያየኸው ዋጋ ውስጥ ላይኖር ስለሚችል ቀድመህ ጠይቅ።

ብር እዚያ ወረቀት ነው። የውጭ ምንዛሪውን ከባንክህ አስቀድመህ ጠይቅ፣ ቲኬትህንና የጉዞ ፈቃዱን ይዘህ፤ በመጨረሻው ቀን የሚሯሯጥ ሰው ጥቁር ገበያ ደጃፍ ላይ ነው የሚገኘው። ዩሮና ዶላር ይቀበላሉ፣ ለአውቶቡስና ለቴክ አዌይ ግን ሩፒ ያስፈልግሃል። ካርድ ካለህ ውጭ አገር የሚሠራ መሆኑን እዚሁ አጣራ።

ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች። ያንን ትልቁን ኮኮናት ይዞ መምጣት ይቻላል? ደግሞ የጀልባ ቲኬቴ 7:30 ይላል፣ በእኛ ስንት ነው?
*ዝግጁ፣ ከአዲስ አበባ*

ኮኮ ደ ሜር ማለትህ ነው። በዓለም ትልቁ የተክል ዘር እሱ ነው፣ እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ በተፈጥሮ የሚበቅለውም ፕራስሊንና ኩሪዩዝ ላይ ብቻ ነው። የተጠበቀ ተክል ስለሆነ ማኅተምና የምስክር ወረቀት ያለውን ከሕጋዊ ሻጭ ካልገዛህ አየር ማረፊያ ላይ ይወስዱብሃል፣ አንተንም ያቆዩሃል። ዋጋው የሚያስደነግጥ ነው። ከባህር ዳርቻ የለቀምከውን ዛጎልና ኮራልም እዚያው ተወው። ፓስፖርትህ ላይ የዘሩን ቅርጽ የሚመታልህ ማኅተም በነጻ ነው።

የጀልባው 7:30 የሲሼልስ ሰዓት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1:30። ሲሼልስ ግን ከኢትዮጵያ 1 ሰዓት ትቀድማለች። የእጅ ሰዓትህን ሳታስተካክል ከሄድክ ጀልባው የሚነሳው ያንተ ሰዓት 12:30 ሲል ነው። ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ወደቡ ላይ ሁን፣ ሻንጣ ያስረክባሉ።